በሱርዋሊ የባል ስም የተጠራ ዕለት

ታላያ መንደር፣ ሱርዋሊ
ማርች 9 ቀን 1980

ለተወደድከው ዋርሳዬ ለሃርዳስ፣ ሙስካት፤

ራም ራም። እኛ እዚህ ሁላችን ደኅና ነን። አንተንም በዚያ በባሕሩ ማዶ የኮረብታዋ እናት አምላካችን እጇን ከራስህ ላይ አታንሳብህ። የሲሚንቶው አቧራ ከዓይንህ፣ የምቀኛ ዓይን ከጀርባህ ይራቅ። ታላቅ ወንድምህ ከአልጋው ላይ ሆኖ ይመርቅሃል። ሚስትህ ጉላቦም እግርህን ነክታ ትሳለማለች፤ አሁን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ «ምን አልሽለት? ምን አልሽለት?» እያለች ክርኔን ትነቀንቃለች። ፊደሉ ቢንጋደድ የእሷ ጥፋት ነው።

ወሬ ካልከኝ ሰሞኑን ሞልቷል። የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ተበትኖ በሜይ መጨረሻ አዲስ ምርጫ ሊደረግ ነው። ማስተር ባይጃናት እንደገና ሊወዳደሩ ነው። አዎ፣ ማባዛት አልገባህ ብሎ በልምጭ የገረፉህ እኚያው ማስተር። የምርጫ ምልክታቸው መሰላል ነው፣ የባላባቱ የታኩሩ እንደ ወትሮው ፈረስ።

የዚህን የምርጫ ክልል ታሪክ አንተም ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን ካልደገምኩት አይወጣልኝም። ሱርዋሊ ከ1952 ጀምሮ የታኩሮቹ ርስት ነው። መጀመሪያ አባትየው፣ ከዚያ ልጅየው ታኩር ባልባድራ፣ ሰባት ጊዜ ተመርጠው ሰባት ጊዜ ገቡ። በመጀመሪያው ምርጫ እናታችሁ ለመዝጋቢው ስሜን ለባዕድ ወንድ አልናገርም ብላ ከመዝገቡ ተሰርዛ ነበር አሉ። እሷን ግን ያም አልከለከላት፤ በምርጫው ዕለት አበባ ይዛ ሄዳ ለሳጥኑ ሰግዳለት ተመለሰች። ባለፈው በ1977 ማስተር በሁለት መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ ብቻ ነው የተሸነፉት። ይህች ቁጥር ማስተርን እንቅልፍ ነሥታቸዋለች።

ትናንት ቤት ድረስ መጥተው በእኛ ጣቢያ ውስጥ የእሳቸው ወኪል ሆኜ እንድቀመጥ ጠየቁኝ። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ሴት በአምስት መንደር ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ አሉ። እኔም «ላስብበት» ብዬ ሸኘኋቸው፤ አንተ ስታውቀኝ ላስብበት የምል ሰው አይደለሁም።

ዝናቡ ሳይመጣ ጣራው መጠገን አለበትና ለሸክላው የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ላክ።

እትህ ፑኒያ

*

ሙስካት
ማርች 30 ቀን 1980

ለተከበሩ እትዬ ፑኒያ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እግርዎን ነክቼ እሳለማለሁ። የጋሼንም እግር እንዲሁ። የእርስዎና የጋሼ ምርቃት ስላልተለየኝ እኔ ደኅና ነኝ። እዚህ ሙቀቱ ጀምሯል፤ ግንቡን የምንለስነው ፀሐይ ሳይወጣ ነው። የሥራው አለቃ የእኔን እጅ ወዶልኛል፤ ኮርኒስና ማዕዘን ሲሆን ሌላ ሰው አያስነካም።

ለጣራው ሦስት መቶ ሩፒ በፖስታ ቤት ልኬያለሁ።

ስለ ምርጫው የጻፉልኝን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እትዬ፣ እኔ ከእርስዎ ታናሽ ነኝ፤ ቢሆንም ልለምንዎ። ይህ ነገር ይቅርብን። ማስተር ደግ ሰው ናቸው፣ ማንም አይክድም። ነገር ግን ማስተር ቢሸነፉ ወደ ፍየሎቻቸው ይመለሳሉ፣ እኛስ ወዴት እንመለሳለን? የዚያን ዕለት ራሴን አመመኝ ይበሉና ቤት ይዋሉ። ምክንያቱን አይጠይቁኝ።

ሌላ አንድ ነገር። ጋሼ በየደብዳቤው መጨረሻ ላይ የአውራ ጣታቸውን ቀለም ያሳርፉልኝ ነበር። ካለፉት ሁለት ደብዳቤዎች ላይ የለም። ጉላቦ ደኅና ናት ወይ? ባለፈው ክረምት የላክሁላት የእጅ አምባር ልኳ ነው ወይ?

ታዛዥዎ ሃርዳስ

*

ታላያ
አፕሪል 20 ቀን 1980

ለዋርሳዬ ለሃርዳስ፤

ዕድሜህ ይርዘም፣ ፍርሃትህ ይጠር። ሦስት መቶውን አገኘን። ጣራው ገና ነው፤ ሌላ ሦስት መቶ ያስፈልጋል፤ ሸክላው ተወዷል። አምባሩ ለጉላቦ ጠቧታል፤ እሷ ግን በሳሙና አንሸራትታ አስገብታው አሁን አልወጣ ብሏት ትኮራበታለች።

በ1977 አንተ ቦምቤይ ነበርክና አላየህም። እኛን ያሸነፈን ታኩሩ አይደለም፣ ሁለት ሩፒ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የዕጩ ወኪል የሆነ ሰው «ይህችን መራጭ አላምናትም፣ የመዝገቧ ሴት አይደለችም» ብሎ ሁለት ሩፒ ካስያዘ፣ የጣቢያው ሹም መራጯን ይጠይቃታል። የሚጠይቃትም መዝገቡ ላይ የተጻፈውን ነው፤ የባልሽ ስም ማን ነው ይላታል። የታኩሩ ጸሐፊ ላልታ ይህን ሕግ ከየት እንዳገኘው እንጃ። ኪሱን በሁለት ሩፒ ሞልቶ መጥቶ የታላያን ሴቶች አንድ በአንድ አላውቃትም አለ።

የባሏን ስም የጠራች ሚስት የባሏን ዕድሜ ትቀንሳለች። ይህን ከእናታችን ጡት ጋር ጠጥተነዋል። ታዲያ ሴቶቹ ምን ያድርጉ? አንዷ ባሏ በጨረቃ ስም ነው የሚጠራው፤ እኩለ ቀን ላይ ሰማዩን በጣቷ አሳየችው። ከተማ ያደገው ሹም ሙቀቱ አስጨንቋት ነው ብሎ ውኃ ሰጣት። ሌላዋ ባሏ ማክሰኞ ስለተወለደ በዕለቱ ነው የተሰየመው፤ «ከሰኞ ቀጥሎ ያለው» ብትለው ምርጫው ዛሬ ነው እንጂ ማክሰኞ አይደለም ብሎ መለሳት። ቀሪዎቹ ፊታቸውን ሸፍነው ዝም አሉ። የታኩሩ ሌሎች ወኪሎችም ያንኑ እያደረጉ ከአምስቱ መንደር ከሦስት መቶ የሚበልጡ ሴቶች እንዲሁ ተመለሱ። እኔም አንዷ ነበርኩ፤ ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩት ማለቴ ነው።

አሁን ጧት ጧት የማሁዋ አበባ ስንለቅም ከዛፉ ሥር ሴቶቹን አለማምዳለሁ። አሮጊቷ ኬስሪ እንደ ሹም ቅርጫት ላይ ተቀምጣ «የባልሽ ስም?» ትላለች። እኛ ደግሞ እንስቃለን። እስከ ዛሬ ከአንዷም አፍ አልወጣም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሁሉም ፈራ። አንቺ ወኪል ሆነሽ ለሁላቸው አትጠሪላቸውም ወይ እንዳትለኝ፤ ከወንድምህ የሚበልጡት ሁሉ ለእኔ አማቶች ናቸው፣ የእነሱንም ስም አልጠራም። ለማስተር ግን እሺ ብያቸዋለሁ።

የወንድምህን አውራ ጣት ጠይቀሃል። ቀለሙ አልቆብን ነው።

እትህ ፑኒያ

*

ሙስካት
ሜይ 8 ቀን 1980

እትዬ ፑኒያ፤

ሰላምታዬና ስግደቴ እንደ ወትሮው ነው፤ ልቤ ግን እንደ ወትሮው አይደለም።

ባለፈው ዓርብ ከጎረቤት መንደር አዲስ የመጣ ሠራተኛ አገኘሁ። ጋሼ ከታኩሩ የድንጋይ መፍጫ ሥራቸው ከወጡ አምስት ወር እንደሆናቸው፣ ደም እንደሚተፉ፣ ከአልጋ እንደማይወርዱ ነገረኝ። ሰው ፊት አለቀስኩ። እርስዎ ቀለም አልቆብን ነው ይሉኛል። እኔ የጣራ ሸክላ እየላክሁ ወንድሜ ከጣራው በታች እያለቀ ነው።

እንግዲህ እኔም የደበቅሁትን ልንገርዎ። የሥራ ወረቀቴ በጁን ያልቃል። ወረቀቱን በመጀመሪያ ያወጣልኝ ቦምቤይ ያለው የታኩሩ የወንድም ልጅ ነው። በፌብሩዋሪ ሰው ልኮ፣ ታላያ ዘንድሮ ለፈረሱ ካልሆነ ወረቀትህ አይታደስም አለኝ። ቤት ይዋሉ ያልኩዎ ስለዚህ ነበር።

አሁን ግን ወረቀቱ ይቅር፣ ሥራውም ገደል ይግባ። የምለምንዎ ሌላ ነው። ስማቸውን አይጥሩ። የላልታ ጥያቄ ስድብ ነው፣ ፍርሃታችን አጉል እምነት ነው፣ ማስተር እንዲህ አሉ፣ ሁሉንም አውቃለሁ። ደኅና ሰው ቢሆኑ ኖሮ እኔም እስቅ ነበር። የቀራቸው ዕድሜ አንድ እፍኝ ነው፤ ከእፍኙ ላይ አይዝገኑ። ያለኝ ወንድም አንድ ነው።

ስድስት መቶ ሩፒ ልኬያለሁ። ለሐኪም ነው። ለጣራ አይደለም፣ ለመሰላልም አይደለም።

ሃርዳስ

*

ታላያ
ሜይ 21 ቀን 1980

ሃርዳስ፤

ምርቃቱን ዛሬ ከደብዳቤው መጨረሻ አድርጌዋለሁ፤ ቂም ይዘህ የተመረቅከው አይያዝልህም ብዬ ነው።

ዋሽቼሃለሁ። የመጀመሪያው ሦስት መቶ ለከተማው ሐኪም ነበር፣ ሁለተኛውንም የጠየቅሁህ ለመድኃኒቱ ነው። ጣራው ያፈሳል፣ ያፍስ። አትንገሪው ያለኝ ራሱ ነው፤ «ልጁ ግንብ ላይ ቆሞ ነው የሚውለው፣ እያለቀሰ ይወድቅብናል» አለ። አንተም የደበቅኸው አለና አንዱን ባንዱ እናጣፋው።

ደብዳቤህን አነበብኩለት። ስለ ወረቀቱም፣ ስለ እፍኙም፣ አንዲት ቃል አልዘለልኩም። ከዚያ ያለውን ሳልጨምር እጽፍልሃለሁ።

«ሃያ ዓመት የታኩሩን ድንጋይ ፈጨሁ። አቧራው ዕድሜዬን ሲበላ ስሜን አልጠየቀም። ለልጁ ንገሪው፣ እኔን እየገደለኝ ያለው የሴት አፍ አይደለም። ደግሞም እናቴ ስም ያወጣችልኝ እንድጠራበት ነው።»

ይህን ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ ግን አልጸናሁም፣ እውነቱን ልንገርህ። ማንም በሌለበት ጉድጓዱ ዘንድ ሄጄ ሞከርኩት። ጥርሴ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ቢሞትብኝስ? ሰው ሁሉ «ጠርታ ገደለችው» ቢለኝስ? አንተስ መጥተህ ዓይኔን ታየዋለህ ወይ? አሥር ቀን ቀርቶኛል። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ አንዱ ሆኗል።

በስድስት መቶው አዲስ መድኃኒት ጀምሯል፤ መርፌም አለው። ከዚህ በታች የምታየው የአውራ ጣቱ ቀለም ነው፤ አፈር ላይ ወድቆበት እንደገና ነው ያተመው።

የኮረብታዋ እናት ልብህንና ልቤን አንድ ታድርገው።

ፑኒያ

*

ሙስካት
ጁን 3 ቀን 1980

ለተከበሩና ለተወደዱ እትዬ ፑኒያ፤

እግርዎን ሁለት ጊዜ እስማለሁ፤ አንዱ ለሰላምታ፣ አንዱ ለይቅርታ።

ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። ምርጫው ካለፈ ሦስት ቀን ሆኖታል፤ የምጽፈው ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ሳልጽፈው ባድር ያንቀኛል። ይጥሩት። ጋሼ ራሳቸው ካሉ እኔ ማን ነኝ? ጠርተውትም ከሆነ ደግ አደረጉ። ሳይጠሩት ቀርተው ከሆነም ደግ ነው፤ ከፍርሃቱ ግማሹን ያሸከምኩዎ እኔ ነኝ።

ስለ ወረቀቱ። የታኩሩ የወንድም ልጅ ዝቶ እንደነበረው አላድስም አለ። ለሥራው አለቃ ሄጄ፣ በወሩ መጨረሻ መሄዴ ነው፣ አንበሳ የምቀርጽበትን ኮርኒስ ሌላ ሰው ይጨርሰው አልኩት። ሰውዬው ኮርኒሱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ በራሱ መኪና ጭኖ ወደ መሥሪያ ቤቱ ወሰደኝና በራሱ ስም ዋስ ሆኖ ለሁለት ዓመት አሳደሰልኝ። ለካ ከቦምቤይ ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ የፈራሁት የታኩሩ ዘመድ ከእኔ እጅ የሚበልጥ ነገር አልነበረውም።

እዚህ ከሱርዋሊ አውራጃ አሥራ አራት ሰዎች አለን። ማታ ማታ እየመጡ «ምን ተሰማ?» ይሉኛል። ሬዲዮው ስለ ትልልቆቹ ብቻ ነው የሚያወራው። ቶሎ ይጻፉልኝ፤ የጋሼንም ሁኔታ እንዳለ ይጻፉልኝ።

ሃርዳስ

*

ታላያ መንደር፣ ሱርዋሊ
ጁን 4 ቀን 1980

ለዋርሳዬ ለሃርዳስ፣ ለታላያ ልጅ፣ ለማስተር ባይጃናት ሰነፍ ተማሪ፤

ራም ራም፣ ደግሞ ራም ራም። አሸንፈናል። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ልብህ እንዳይንጠለጠል ነው፤ አሁን ቁጭ ብለህ አንብብ።

በሜይ 31 ጧት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ጣቢያው ሲከፈት ከውስጥ በወኪልነት የተቀመጥኩ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከጠረጴዛው ማዶ ላልታ፣ ዘይት የጠጣ ጢሙን እያሻሸ። አጠገቡ ሁለት ሩፒ በሁለት ሩፒ የታጨቀ ቦርሳ። ወኪሎች አስቀድመው ይምረጡ ተባለና እኔ ተነሣሁ። ላልታ ሳንቲም እንደሚጥል ሰው ሁለት ሩፒውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ፤ ይህችን ሴት አላውቃትም አለ። ሃርዳስ፣ ይህ ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት የወንድምህን ደመወዝ እየቆረጠ በእጄ የቆጠረልኝ ሰው ነው። በሠርጌ ላይ ሰባት ድቡልቡል ጣፋጭ ላዱ በልቷል።

ሹሙ ወጣት ነው፣ ላቡን እየጠረገ «እናቴ፣ የባልሽን ስም ንገሪኝ» አለ።

አልወጣ አለኝ። በሩ ላይ የተሰለፉት የታላያ ሴቶች ሁሉ መሸፈኛቸውን ገለጥ አድርገው ያዩኛል። እኔ ከተመለስኩ ሁሉም እንደሚመለሱ ያውቃሉ፤ ላልታም ያውቃል። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ወንድምህም መራጭ ነውና አራት ጎረምሶች ከነአልጋው ተሸክመው አምጥተው ከኒሙ ዛፍ ሥር አስቀምጠውት ነበር። በክንዱ ተደግፎ ቀና ብሎ ያየኛል። እንደዚያ ከስቶ አይቼው አላውቅም። ዓይኑ ግን የሠርጋችን ዕለት ያየሁት ዓይን ነው።

«ፓንቻም» አልኩ።

ላልታ አልሰማሁም አለ።

ንዴት መጣብኝ። ሃያ ዓመት ያፈንኩት ሁሉ አንድ ላይ ወጣ መሰለኝ፣ «ፓንቻም!» ብዬ ጮህኩ፤ ከትምህርት ቤቱ ጣራ ላይ ርግቦቹ ተነሡ።

ከውጭ፣ ከኒሙ ሥር፣ በዚያ በታመመ ደረቱ ድምፅ መጣ። «አቤት!»

መጀመሪያ የሳቀችው አሮጊቷ ኬስሪ ናት። ከዚያ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፣ ሹሙ ፊቱን በመዝገቡ ሸፍኖ ሳቀ፣ ጠመንጃ የያዘው ፖሊስ ሳይቀር ሳቀ። ሹሙ ጥርጣሬው ተነሥቷል፣ ሁለት ሩፒውም ለመንግሥት ገቢ ይሁን ብሎ ጻፈ። ወረቀቴን ተቀብዬ ከመጋረጃው ኋላ ገብቼ መሰላሉ ላይ ማኅተሜን አሳረፍኩ። እዚያ ብቻዬን ሆኜ ትንሽ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታይ። ሰማዩን ያሳየችው ሴት ዘንድሮ ሰማይ አላየችም፤ «ቻንዳ፣ ሰካራሙ፣ ጓሮው ውስጥ ተኝቷል» ብላ ሹሙን አሳቀችው። እያንዳንዷ ስም ስትጠራ ከውጭ ወንዶቹ አቤት፣ አቤት ይላሉ። ሠርግ ቤት እንጂ ምርጫ ጣቢያ አይመስልም ነበር። ላልታ ሠላሳ አንድ ሴቶች ድረስ ተጠራጠረ። ከዚያ ቦርሳው ባዶ ሆነ፣ እሱም ማወቅ ጀመረን። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ወደ አራቱ መንደሮች ሮጦ ኖሮ፣ እዚያም ሴቶቹ የባላቸውን ስም እየጮኹ ገቡ አሉ።

ትናንት በከተማው ተቆጠረ። እስከ እኩለ ቀን ፈረሱ ይመራ ነበር። የእኛ አምስት መንደሮች ሳጥን ሲከፈት መሰላል በመሰላል ላይ ሆነ። ማስተር ባይጃናት በመቶ አርባ ስምንት ድምፅ በለጡ። ታኩሩ እንደገና ይቆጠር አለ፣ እንደገና ተቆጠረ፣ መቶ አርባ ዘጠኝ ሆነ። ለድሉ ብሎ የቀጠራቸው ከበሮ መቺዎች ሂሳባቸውን አስቀድመው ተቀብለው ነበርና፣ የበሉትን ገንዘብ ሐላል ለማድረግ ብለው ለማስተር መቱ። ታኩሩ ጂፑ ውስጥ ሆኖ መስታወቱን ዘጋ። ሃያ ስምንት ዓመት የቤተሰቡ የነበረውን ወንበር ያጣ ሰው ነው፤ ባዝንለት ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አላዘንኩለትም።

ማስተር በሽማግሌ እግራቸው ታላያ ድረስ መጥተው ከወንድምህ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ምክር ቤት ገብቼ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የድንጋይ መፍጫውን አቧራ ነው አሉት። ፓንቻምም «ማስተር፣ እዚያም ሲገቡ ልምጭዎን ይዘው ነው» አላቸው።

አዎ፣ ፓንቻም ብዬ ጻፍኩ። እጄ አልደረቀም። አራት ቀን አለፈ፣ ስማቸው ከተጠራ ባሎች አንድም የሞተ የለም። የእኛው ሳሉ አልጠፋም፤ ደም ግን ካየን ሁለት ሳምንት ሆነን፣ ሐኪሙም መርፌውን ካላቋረጠ ይነሣል ብሏል። ትናንት ማታ ሁለት ቂጣ በማንጎ ጨምሮ በላ። ጉድጓዱ ዘንድ ቆሜ እራት ደርሷል ብዬ በስሙ ስጠራው ሰምቶ ዝም አለኝ። ደግሜ ስጠራው ደግሞ ዝም አለ። ገብቼ ምን ሆንክ ብለው፣ መጀመሪያም ሰምቻለሁ፣ ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነው አለኝ።

ስለ ወረቀትህ ግን ልቤ አላረፈም። ታኩሩ ከዘጋብህ ተመለስ፤ የሚያፈስ ጣራም ቢሆን ጣራ ነው፣ አራታችንንም ይችለናል። የፈራኸውን ሁሉ እኔ ፈርቼልህ ጨርሻለሁ።

ከዚህ በታች ያለው የጉላቦ ቃል ነው። እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ፤ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

እትህ ፑኒያ፣ የፓንቻም ሚስት

«ሃርዳስ።

እንዲህ ብዬ ስጀምር እትዬ ብዕሯን አቁማ አየችኝ። ጻፊው አልኳት። በሰልፉ ላይ አሥራ አራተኛዋ ነበርኩ። ላልታ አላውቃትም ሲል ሹሙ ጠየቀኝ። አንተ በባሕሩ ማዶ እንዳለህ አስቤ፣ እንዲደርስህ ብዬ ከሁሉም አስበልጬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ዞሮ መልስ ጠበቀ። ከየትም አልመጣም። ላልታ ሳቀብኝ። እኔ ግን ድምፄን ሰጥቼ ወጣሁ።

ሃርዳስ፣ ይህን ስታነብ ግንብ ላይም ብትሆን፣ ሰው መካከልም ብትሆን፣ ቢስቁብህ ግድ አይስጥህ። ወደ እኛ ዞረህ፣ ጮክ ብለህ፣ አቤት በለኝ።»